ኤምቢኤ በውጭ አገር፦ ስለ ወጪው፣ ስለ ቪዛውና ስለ ሥራ ዕድሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤምቢኤ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ዲግሪ ነው። ወሮቹና ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቪዛ ሕግና ክፍያ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሚሄዱበትን አገር የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

ኤምቢኤ ብማር ደመወዜ ያድጋል?

ዲግሪው ብቻውን ደመወዝ አያሳድግም። የሚያሳድጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ትምህርት ቤቱ ግቢው ድረስ የሚያመጣቸው ቀጣሪዎች፣ እና እዚያ አገር ለመሥራት የሚያስችልዎ ፈቃድ። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ጥያቄውን ከመጨረሻው ይጀምሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የት አገር፣ በምን ሥራ ላይ መገኘት ይፈልጋሉ? ያንን ሥራ ዛሬ የያዙት ሰዎች የየት ትምህርት ቤት ምሩቃን ናቸው? ሊንክድኢን ላይ የድርጅቱን ስም አስገብቶ ሠራተኞቹ የት እንደተማሩ ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከደረጃ ሰንጠረዦች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ማኪንዚ፣ ቢሲጂና ቤይን የተባሉት የማማከር ድርጅቶች ለአዲስ የኤምቢኤ ምሩቅ የሚከፍሉት መነሻ ደመወዝ በዓመት 190,000 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሁሉም ያወራዋል። ድርጅቶቹ በብዛት የሚመለምሉት ከጥቂት ትምህርት ቤቶች መሆኑን ግን የሚያነሳ የለም። ከነዚያ ትምህርት ቤቶች መመረቅም ዋስትና አይደለም፦ በ2024 ከሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ ከነበሩት 23 በመቶው ከሦስት ወር በኋላም ሥራ አላገኙም ነበር። በ2022 ይኸው ቁጥር 10 በመቶ ነበር። የተመረቁበት ዓመት የገበያ ሁኔታ የራሱ ድርሻ አለው፤ እሱን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም።

የትምህርት ቤቶቹን የቅጥር ሪፖርት እንዴት ላንብበው?

“95 በመቶ ተቀጥረዋል” የሚለውን ርዕስ ይለፉትና ከማን ላይ እንደተሰላ ይመልከቱ። መቶኛው የሚሰላው ሥራ ይፈልጉ ከነበሩት ላይ ነው እንጂ ከተመራቂው ሁሉ አይደለም። ወደ ቀድሞ ድርጅታቸው የተመለሱ፣ የራሳቸውን ሥራ የጀመሩና ለትምህርት ቤቱ መልስ ያልሰጡ ከስሌቱ ውጭ ይሆናሉ። ከአማካዩ ይልቅ መካከለኛውን ደመወዝ (ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ይውሰዱ፤ ሁለት ሦስት ሰዎች በጣም ከተከፈላቸው አማካዩ ያብጣል።

ለእኛ ሰው ግን ዋናው መስመር ሌላ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሪፖርት ቋሚ የሥራ ፈቃድ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይቶ ያሳያል። የሚመለከትዎ የሁለተኛው ረድፍ ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ፣ ትምህርት ቤቱ የውጭ ዜጋ የሚቀጥሩ ድርጅቶችን አያመጣም ማለት ነው። ሪፖርቱን ጨርሶ የማያወጣ ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት በኢሜይል ይጠይቁ፤ መልሱ “ተማሪዎቻችን በዓለም ዙሪያ ይሠራሉ” ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ስንት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልገኛል?

ሦስት ዓመት ዝቅተኛው ነው ብለው ይነሱ። አምባ የተባለው የለንደኑ እውቅና ሰጪ አካል ለኤምቢኤ ተማሪ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠይቃል፤ በታወቁት ትምህርት ቤቶች አማካዩ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ የሚቀበልዎ ኤምቢኤ በቀጣሪዎች ዘንድ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልምድ ከሌለዎት የማኔጅመንት ወይም የፋይናንስ ማስተርስ ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

በሌላኛው ጫፍ 38 ወይም 40 ዓመት የሞላው ሰው በሙሉ ጊዜ ፕሮግራም መግባት ይችላል፤ ችግሩ ያለው ምልመላው ላይ ነው። ለኤምቢኤ ምሩቅ የተዘጋጀው የሥራ መደብ የተለካው ለ30 ዓመት ሰው ነው። ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ከምረቃ በኋላ ከአሥር ዓመት ታናሹ ሥር ሊመደብ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚሆነው ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ ነው።

ትምህርት ቤቱ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ሦስት ትልልቅ እውቅናዎች አሉ፦ በ1916 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ኤኤሲኤስቢ፣ የእንግሊዙ አምባ እና የአውሮፓው ኢኪውስ። ሦስቱንም የያዘ ትምህርት ቤት “ባለ ሦስት ዘውድ” ይባላል። ለምሳሌ ፈረንሳይ ያለው ኢንሲያድና ደቡብ አፍሪካ ያለው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ይህን አሟልተዋል። ከሦስቱ አንዱም የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለእሱ 30,000 ዶላር የሚከፍሉበትን ምክንያት በደንብ ማወቅ አለብዎ።

ከእውቅናው በተጨማሪ ትምህርት ቤቱ የተማሪ ቪዛ የማስገኘት ፈቃድ እንዳለው ይመልከቱ። እንግሊዝ የተማሪ ስፖንሰሮች መዝገብ፣ ካናዳ የተሰየሙ ተቋማት ዝርዝር፣ አሜሪካም የተፈቀደላቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አላቸው፤ ሦስቱም በነፃ ይታያሉ። አዲስ አበባ ያሉ ኤጀንቶች አብዛኛውን ጊዜ ኮሚሽን የሚያገኙት ከዩኒቨርሲቲው ነው። ለእርስዎ ከሚሻለው ይልቅ ኮሚሽን የሚከፍለውን ቢያስቀድሙ አይግረምዎ። “ስኮላርሺፕ እናስገኛለን” ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ግን ወሬውን እዚያው ያቁሙ።

አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ ወይስ ጀርመን?

ከትምህርቱ ጥራት ይልቅ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የሥራ ጊዜ ያወዳድሩ።

አሜሪካ፦ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የተማረ ሰው ከምረቃ በኋላ 12 ወር ይሠራል፤ ይህ ኦፒቲ ይባላል። ፕሮግራሙ ስቴም በተባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መደብ ከተመዘገበ 24 ወር ይታከልና ሦስት ዓመት ይሆናል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኤምቢኤያቸውን ወይም አንዱን ዘርፍ በዚህ መደብ አስመዝግበዋል። በቃል የሚነገርዎትን አይመኑ፤ ትምህርት ቤቱ ለቪዛ በሚሰጥዎ አይ-20 የተባለ ሰነድ ላይ የተጻፈውን ኮድ ይዩ። 52.1301 ማኔጅመንት ሳይንስ ነው፤ ስቴም ነው። 52.0201 ተራው ቢዝነስ አስተዳደር ነው፤ ስቴም አይደለም። ይህ ኮድ ለምን አስፈላጊ ሆነ? ለኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ በየዓመቱ የሚፈቀደው 85,000 ሰው ብቻ ስለሆነና አመልካቹ ስለሚበዛ ምርጫው በዕጣ ነው። ሦስት ዓመት ያለው ሰው ዕጣውን ደጋግሞ ይሞክራል፤ አንድ ዓመት ያለው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ተቋማት ግን ከዕጣው ውጭ ናቸው፤ ይህን በር የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች። ኦፒቲ ላይ ሆነው ያለ ሥራ መቆየት የሚችሉት በድምሩ 90 ቀን ነው፤ ስቴም ሲታከል 150 ይሆናል። የስቴሙን ማራዘሚያ የሚያገኙት ደግሞ ቀጣሪዎ ኢ-ቬሪፋይ በተባለው የመንግሥት የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ሥርዓት ከተመዘገበ ብቻ ነው፤ ትንንሽ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ አልተመዘገቡም። በመስከረም 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ አዋጅ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው በሚቀርብ አዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ጥሏል። ስለዚህ ሥራ ሳያገኙ ወደ አገር ተመልሶ ከዚህ ሆኖ መፈለግ ከቀድሞው እጅግ ከብዷል። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የአሜሪካ ቪዛ የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። ቪዛው መግቢያ ብቻ ስለሆነ ትምህርትዎን አያቋርጥም፤ ነገር ግን ለበዓል ወይም ለለቅሶ ወደ ቤት ከመጡ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልግዎታል።

እንግሊዝ፦ ኤምቢኤው አንድ ዓመት ነው። ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ስፖንሰር መሥራት ይቻላል፤ ከጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን 18 ወር ይሆናል። ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ የማስተርስ ተማሪ፣ የምርምር ዲግሪ ካልሆነ በቀር፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ መሄድ አይችልም። ትዳር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የሚያውቀው ተቀማጭ ከከፈለ በኋላ ነው።

ካናዳ፦ ማስተርሱ ቢያንስ ስምንት ወር ከሆነ የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ሊያስገኝ ይችላል። የትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ግን የማስተርሱ ርዝመት 16 ወርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የ12 ወር ኤምቢኤ ርካሽ መስሎ ባለቤትን ሥራ የሚያስፈታው እዚህ ላይ ነው።

ጀርመን፦ “ትምህርት ነፃ ነው” የሚባለው ለኤምቢኤ አይሠራም፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ጭምር ለኤምቢኤ ያስከፍላሉ። ለቪዛ በዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልዎታል። ከምረቃ በኋላ 18 ወር ሥራ መፈለጊያ አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አብዛኛው ሥራ ጀርመንኛ ይጠይቃል፤ ቢ2 የተባለው ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ ላይ ሳይደርሱ የማርኬቲንግ ወይም የሰው ኃይል ሥራ ማግኘት ዘበት ነው። ፈረንሳይና ኔዘርላንድስ አንድ አንድ ዓመት የሥራ መፈለጊያ ይሰጣሉ።

በጠቅላላው ስንት ብር ያስፈልገኛል?

በብር ማስላት ይተዉ፤ ምንዛሪው ይንቀሳቀሳል። ከለንደን ውጭ ያለ፣ ክፍያው 30,000 ፓውንድ የሆነ የአንድ ዓመት ኤምቢኤ እንውሰድ። ለቪዛው በወር 1,171 ፓውንድ ለዘጠኝ ወር ማሳየት ግድ ነው፤ 10,539 ይሆናል። የጤና አገልግሎት ክፍያው በዓመት 776 ነው፤ ለአንድ ዓመት ኮርስ ግን ከኮርሱ በኋላ የሚሰጡት ወራት ስለሚቆጠሩ 1,164 ይመጣል። የቪዛ ማመልከቻው ከ500 ፓውንድ በላይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ትኬት ሳይቆጠር 42,000 ፓውንድ አለፈ። ኢንሲያድ፣ በአሥር ወር የሚያልቀው፣ ለትምህርቱ ብቻ 100,000 ዩሮ ገደማ ይጠይቃል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከኑሮ ጋር በዓመት ከ110,000 ዶላር በላይ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ነው።

የእንግሊዝ ቪዛ በብዛት የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት የ28 ቀን ሕግ ነው። ገንዘቡ ለተከታታይ 28 ቀን ከሚፈለገው መጠን በታች መውረድ የለበትም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ለአንድ ቀን እንኳ ቢጎድል ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ገንዘቡ በብር ከሆነ ምንዛሪው ሲቀንስ ሒሳብዎ ሳይነካ ሊጎድል ስለሚችል ቢያንስ አሥር በመቶ ትርፍ ያስቀምጡ። ሌላው ስህተት ከዘመድ ተሰብስቦ በአንድ ሳምንት የገባ ትልቅ ገንዘብ ነው። ቪዛ መርማሪው “ይህ ከየት መጣ?” ይላል፤ መልሱ በሰነድ ካልተደገፈ የባንክ መግለጫው ራሱ ይጎዳዎታል።

ዶላሩን ከባንክ ማግኘት ይቻላል?

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ለትምህርት ክፍያ ከባንክ መግዛት ከቀድሞው ተሻሽሏል፤ ግን ወረፋና የባንኩ አቅም ይወስነዋል። የተቀባይነት ደብዳቤውን፣ የዩኒቨርሲቲውን የክፍያ መጠየቂያ ከነባንክ ቁጥሩና ፓስፖርትዎን ይዘው ከአንድ በላይ ባንክ ያነጋግሩ። የዩኒቨርሲቲው ተቀማጭ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ አራት ሳምንት ብቻ ነው። ባንኩ እንደሚዘገይ ካዩ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለአድሚሽን ክፍሉ ይጻፉ፤ ማራዘም የተለመደ ነው፤ ካለፈ በኋላ ግን ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ።

ስለ ብድር አንድ ነገር። በዶላር ተበድሮ በብር ደመወዝ መክፈል አይቻልም ማለት ይቀላል። ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የዶላር ዕዳ የነበረበት ሰው አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው በብር እጥፍ ሊሆን ቀረበ። ወደ አገር የመመለስ ሐሳብ ካለዎት ወይ ስኮላርሺፕ ያግኙ፣ ወይ ርካሽ አገር ይምረጡ።

ስኮላርሺፕ ለኤምቢኤ አለ?

አለ፤ ከሌሎች ማስተርሶች ግን ያነሰ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሙሉ ጊዜ ሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነው። ከትምህርቱ በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ኤምቢኤ ላይ ግን ለትምህርት ክፍያው ጣሪያ አለው፤ ትርፉ በተማሪው ይሸፈናል። ውድ ትምህርት ቤት መርጠው ቺቭኒንግ ካገኙ በኋላ ልዩነቱን አጥተው የሚቀሩ አሉ። ዳአድ የተባለው የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚደግፋቸው ኮርሶች ውስጥ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የአነስተኛ ንግድ ልማት ኤምቢኤ ይገኝበታል። ሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪዎ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም።

የሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል እርዳታ በችግር መጠን ብቻ ነው፤ ለውጭ ዜጋም እኩል ይሠራል። በዚህ መስፈርት የኢትዮጵያ ደመወዝ ያለው ሰው ተጠቃሚ ነው። ከዚያ ዝቅ ባሉት ትምህርት ቤቶች ዋናው ስኮላርሺፕ የሚገኘው ጂማት በተባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ነጥብ ነው። ሁለት ትምህርት ቤት ከተቀበለዎት የአንዱን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ለሌላው በትሕትና ልኮ “የእናንተን ብመርጥ ደስ ይለኛል፤ ልዩነቱን ማጥበብ ይቻላል?” ማለት ነውር አይደለም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ሺዎች ዶላር ያስከፍላል።

ጂማት ያስፈልጋል? ስንት ማምጣት አለብኝ?

ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈተናውን ይተዋሉ፤ ስኮላርሺፕ ለሚፈልግ ግን መፈተኑ ይሻላል። ፈተናው ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ተቀይሯል። አሁን ሦስት ክፍል ነው፦ ሒሳብ 21፣ ንባብና አመክንዮ 23፣ የመረጃ ትንተና 20 ጥያቄ፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ጂኦሜትሪና የሰዋስው እርማት ወጥተዋል። ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ በመረጃ ትንተናው ብቻ ይፈቀዳል። ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ሲሆን የድሮው 700 በአሁኑ 645 አካባቢ ነው። መርካቶ የሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት ይህን ስለማያውቁ ሰውን ያሳስታሉ። ሁለት ነፃ የልምምድ ፈተና በፈተናው ባለቤት ድረ ገጽ አለ፤ አንዱን ከዝግጅት በፊት፣ ሌላውን ከፈተናው አሥር ቀን ቀደም ብለው ይውሰዱ።

የእኛ ተማሪዎች በሒሳቡ ደህና ሆነው ንባቡ ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ የዝግጅቱን ሁለት ሦስተኛ ለንባቡ ይስጡ። ሦስት ወር፣ በሳምንት አሥር ሰዓት፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል፤ መብራትና ኢንተርኔት የማያስተማምን ከሆነ ግን በፈተና ጣቢያ ይሻላል። ነጥቡ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ አይልትስና ቶፍል ሁለት ዓመት ብቻ። የእንግሊዝኛውን ፈተና ቀድመው ከጨረሱት ሊያልፍበት ይችላል። የመጀመሪያ ዲግሪዎ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ይጠይቁ።

ሰነድ ላይ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ስም። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም አለ፤ ዲግሪው ላይ የለም። ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ፊደል ይለያል። ለፈተና ሲመዘገቡ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይጻፉ፤ ካልተመሳሰለ ከበር ይመልሱዎታል፤ ክፍያውም አይመለስም። የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በአንድ ዓመት የሚሳሳትበትም ብዙ ነው፤ ሁሉም ሰነድ ፓስፖርቱን ይከተል።

ወጪ መጋራት ሌላው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረው ክፍያውን ካልጨረሱ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ላይሰጥዎ ይችላል። ቴምፖ ይዞ ማመልከት ቢቻልም፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የሰነድ ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ሲጠይቅ ነገሩ እዚያ ይቆማል። ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ወር አስቀድመው ይጀምሩ። ሰኔና ሐምሌ የምረቃ ወቅት ስለሆነ ሬጅስትራር ይጨናነቃል።

የድጋፍ ደብዳቤ በውጭ አገር “ለሚመለከተው ሁሉ” ተብሎ በማኅተም የሚሰጥ ወረቀት አይደለም። አለቃዎ በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸውና ጥያቄዎችን ራሳቸው ይመልሳሉ። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ ቢሆን ይመረጣል። ከድርጅቱ ኃላፊ የመጣ ባዶ ምስጋና ሳይሆን፣ ሥራዎን በዓይኑ ያየ የቅርብ አለቃ የጻፈው ዝርዝር ይፈለጋል። ሲቪውም እንደዚሁ፦ “የሒሳብ ሪፖርት ማዘጋጀት” የሥራ መደቡ መግለጫ ነው፤ “የወር መዝጊያውን ከ12 ቀን ወደ 5 አወረደ” የእርስዎ ሥራ ነው።

መቼ ልጀምር?

ለአሜሪካ የመጀመሪያው ዙር መስከረም ነው፤ ሁለተኛው ጥር መጀመሪያ፤ ሦስተኛው ሚያዝያ አካባቢ። ቪዛና ስኮላርሺፕ የሚያስፈልገው ሰው ሦስተኛውን ይርሳው፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ የቪዛ ቀጠሮም አይደርስም። ቺቭኒንግ ነሐሴ ተከፍቶ ጥቅምት ይዘጋል። ወደ ኋላ ሲቆጠር ጂማቱ በግንቦት፣ ሰነዱ በሰኔ ማለቅ አለበት።

ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ሥራ የሚገኘው እንዴት ነው?

ትምህርቱ ራሱ ሳይጀመር ነው ሩጫው። በአሜሪካ የሁለት ዓመት ፕሮግራም ነሐሴ ይገባሉ፤ መስከረምና ጥቅምት የማማከርና የባንክ ድርጅቶች ግቢ ይመጣሉ፤ ጥር ላይ ለበጋው (እዚያ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው) ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ልምምድ፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። ከአሥር እስከ 12 ሳምንት የሚቆየው ኢንተርንሺፕ አብዛኛው ሰው ቋሚ ሥራ የሚያገኝበት በር ነው። ስለዚህ “መጀመሪያ ትምህርቱን ልላመድ” ያለ ሰው በገና ሰሞን ዋናው ምልመላ አልፎበታል። የማማከር ሥራ የሚፈልግ ለኬዝ ቃለ መጠይቅ (የአንድ ድርጅት ችግር ተሰጥቶ መፍትሔ ለሚጠየቅበት) ቢያንስ 30 ጊዜ ከሰው ጋር ተለማምዶ መግባት አለበት። የአንድ ዓመት ፕሮግራሞች ኢንተርንሺፕ የሌላቸው ስለሚበዙ ሙያ ለመቀየር ይከብዳሉ፤ በያዙት ሙያ ወደፊት ለመሄድ ግን ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባሉ።

ማመልከቻው ላይ “አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግዎታል?” የሚል ጥያቄ አለ። ኤፍ-1 ያለው ሰው ትክክለኛ መልሱ “አዎ” ነው። ብዙ ድርጅቶች እዚያው ላይ ይጥሉታል። ውሸት መጻፍ ግን በኋላ ከሥራ ያስባርራል። ይልቁንስ ባለፉት ዓመታት ኤች-1ቢ ያመለከቱ ድርጅቶች ዝርዝር በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ስለሚገኝ፣ እሱን አውርደው ጥረትዎን እነዚያ ላይ ያድርጉ።

ከዚያ ኔትወርኪንግ የሚሉት አለ። የማያውቁት ሰው ጋ ጽፎ የሃያ ደቂቃ ስልክ መጠየቅ ለእኛ ሰው ድፍረት ይመስላል፤ እዚያ አገር ግን የሥራ ፍለጋው ዋና ክፍል ነው። ሥራ አይጠይቁ፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ በማግስቱ ምስጋና ይጻፉ።

አሜሪካ ነዋሪ ነኝ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ምክሩ ለእኔም ነው?

የቪዛው ክፍል አይመለከትዎትም፤ ስለዚህ ሒሳቡ በጣም ይለያል። የግዛትዎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነዋሪ ዋጋ፣ በማታ፣ ሥራ ሳይለቁ መማር ለብዙው ሰው ከዝነኛ ስም ይሻላል። ቀጣሪዎ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ሊከፍልልዎ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሰው ኃይል ክፍሉን ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ይቆማል፤ ለማስተርስ የሚበደሩት በዓመት በ20,500 ዶላር ይገደባል። የቀረውን ከግል አበዳሪ መሙላት ወለዱ ከባድ ነው።

ኦንላይን ቢሆንስ?

ሥራ ላይ ላለና እዚያው ድርጅት ማደግ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኦንላይን ኤምቢኤ በጠቅላላው 25,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በ2019 የሙሉ ጊዜውን ትቶ ወደዚህ ለመዞር ወስኗል። የርቀት ኤምቢኤ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ1995 ኤምቢኤያቸውን ያገኙት ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። ኦንላይን የማይሰጠው ሁለት ነገር ነው፦ የተማሪ ቪዛና የግቢ ምልመላ። ውጭ አገር ለመሄድ ብሎ ኦንላይን የሚመዘገብ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

ተምሬ ወደ ኢትዮጵያ ብመለስ ይጠቅመኛል?

በሥራ ማስታወቂያ ደረጃ ማስተርስ ብዙ ጊዜ ከሚጠየቀው ልምድ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ይቀንሳል፤ ለዚያ ብቻ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ በቂ ነው። የውጭው ኤምቢኤ ልዩነቱ የሚታየው ከዓለም አቀፍ ገንዘብ ጋር በሚገናኝ ሥራ ላይ ነው። ሳፋሪኮም በጥቅምት 2022 አገልግሎት ጀመረ፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2024 በፓርላማ ጸደቀ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ተከፈተ። በእነዚህ ዙሪያ የኩባንያ ዋጋ መገመት፣ የኢንቨስትመንት ሰነድ ማዘጋጀትና ከውጭ ባለሀብት ጋር መደራደር የሚችል ሰው ይፈለጋል። ቦታዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ በማስታወቂያ ሳይሆን በሰው የሚሞሉም አሉ። ስለዚህ ውጭ እያሉ የአዲስ አበባ ግንኙነትዎን አያቋርጡ፤ የበጋ ኢንተርንሺፑን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ማድረግ ብልህነት ነው።

ለመንግሥትና ለብዙ ባንኮች የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት ይፈልጋል፤ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የኦንላይን ዲግሪ ለመያዝ ካሰቡ ተቀባይነቱን ከመመዝገብዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ሳይመለሱ በፊት በተማሩበት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጡ። እዚያ እያሉ በጥቂት ቀናት የሚያልቀው ጉዳይ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በፖስታና በወዳጅ ልመና ወራት ይፈጃል።